ከሊማሊሞ ጫፍ እስከ ጣና ዳር፦ ጠዋት ወጥቶ ሳይመሽ የሚገባ የመኪና ጉዞ ደረጃ በደረጃ

ድሮ ከምጽዋ የተነሣ ነጋዴ ጎንደር ለመግባት ሊማሊሞን በበቅሎ መውጣት ነበረበት። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. በዚሁ ዳገት ወጥቶ ነው ጎንደር የደረሰው። ያ የባሕር መንገድ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ዛሬ ከዚሁ ዳገት አናት ካለችው ከደባርቅ ከተማ ተነሥታችሁ በአንድ ቀን የምትደርሱበት ባሕር ግን በሌላው አቅጣጫ ነው፤ ጣና። ጎርጎራ ውሃው ዳር አሳ በልታችሁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደባርቅ መግባት ትችላላችሁ።

የዚህ ጉዞ ቁልፍ አንድ ነው፦ ቀኑን ከመጨረሻው ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩት። መጀመሪያ ቤት የምትገቡበትን ሰዓት ቁረጡ። ከዚያ ወደ ኋላ እየቀነሳችሁ መነሻው ላይ ድረሱ። ባሕሩ ዳር የምትቆዩት በሚተርፈው ሰዓት ነው። የሚጎድል ሰዓት ካለም ከዚያው ይጎድላል፤ ከመመለሻው አይነካም።

ከታች ያሉት ሰዓቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ ባጭሩ

ደባርቅ – ዳባት – አምባ ጊዮርጊስ – ኮሶዬ – ወለቃ – ጎንደር – አዘዞ – ቆላ ድባ – ጯሂት – ጎርጎራ።

ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጎንደር ጎርጎራ ከ60 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ደርሶ መልሱን 330 ኪሎ ሜትር ብላችሁ ያዙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመኪናው፦
- ነፋስ የተሞላ ትርፍ ጎማ
- ክሪክ እና የጎማ መፍቻ
- 2 ታኮ (ከሌለ ጠንካራ ድንጋይ)
- ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪ
- የሞተር ዘይት እና የፍሬን ዘይት
- 10 ሊትር ንጹሕ ውሃ ለራዲያተር
- መጎተቻ ገመድ
- አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን እና እሳት ማጥፊያ

ለሰዎቹ፦
- ለእያንዳንዱ ሰው 2 ሊትር የመጠጥ ውሃ
- ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ፣ ከሥሩ ስስ ልብስ
- ነጠላ፣ ባርኔጣ፣ የተዘጋ ጫማ
- የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ ሣጥን
- ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቡና በፔርሙዝ
- የቆሻሻ መያዣ ከረጢት
- ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ

ወረቀቶች፦
- መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ
- የሁሉም ተጓዥ መታወቂያ

## ክፍል አንድ፦ ከሳምንት በፊት

ደረጃ 1፦ ወሩን ምረጡ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉትን ወራት አስቀድሙ። ዝናቡ ቆሟል፣ ሰማዩም ጠርቷል። ሐምሌና ነሐሴን ተዉአቸው። በእነዚያ ወራት ሊማሊሞና መንገዱ የሚያቋርጠው የወገራ ደጋ በጉም ይሸፈናሉ፤ አስፋልቱም ያንሸራትታል።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ምረጡ። በመንገዱ ላይ ያሉ ከተሞች የገበያ ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቁ። የገበያ ቀን መንገዱ በከብት፣ በአህያና በሰው ይሞላል። ጎንደር በጥምቀት ሰሞን ትጨናነቃለች፤ ከጥር 10 እስከ 12 ያሉትን ቀኖች ዝለሉ። አሳ ለመብላት ካሰባችሁ ደግሞ ረቡዕን፣ ዓርብንና የአጽዋማትን ወቅት ተመልከቱ።

ደረጃ 3፦ ተጓዦቹን ቁጠሩ። በመኪናው ወንበር ልክ ብቻ ሰው ያዙ። ትርፍ ሰው ዳገቱ ላይ ሞተሩን ያሞቃል፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ያደክማል። ከሾፌሩ ሌላ መንጃ ፈቃድ ያለው አንድ ሰው ቢኖር መልካም ነው።

ደረጃ 4፦ መኪናውን ያዙ። የራሳችሁ ከሌለ ሚኒባስ ኮንትራት ተነጋገሩ። አምስት ነገር በወረቀት ላይ ጻፉ፦ የመነሻ ሰዓት፣ የመመለሻ ሰዓት፣ መንገዱ፣ ነዳጁን የሚሞላው ማን እንደሆነ እና የሾፌሩ ምሳ። ቀብዱን የምትሰጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ደረጃ 5፦ የሰዓት ሠሌዳውን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ፀሐይ የምትጠልቀው በ12፡00 ግድም ነው። ከዚያ 45 ደቂቃ ለጎማና ለፍተሻ ቀንሱ። ደባርቅ መግቢያችሁ 11፡15 ይሆናል። አሁን ከታች ወደ ላይ ጻፉ፦

- 11፡15 ደባርቅ መግባት
- 9፡00 ከጎንደር መውጣት
- 7፡00 ከጎርጎራ መነሣት
- 4፡30 ጎርጎራ መድረስ
- 2፡30 ከጎንደር መውጣት
- 2፡15 ጎንደር መድረስ
- 12፡00 ከደባርቅ መነሣት

ባሕሩ ዳር 2 ሰዓት ተኩል አላችሁ። ይበቃል። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ዘግይታ ስለምትወጣ በ12፡30 ተነሡ። ያቺን ግማሽ ሰዓት ከጎርጎራ ቆይታ ቀንሷት። የ7፡00ዋን መስመር አትንኳት።

ደረጃ 6፦ የነዳጁን ልክ አስሉ። መኪናችሁ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚጠጣ እወቁ። ቁጥሩን በ3.3 አባዙ። ሩብ ጨምሩበት። 12 ሊትር የሚጠጣ ሚኒባስ 40 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ ከነመጠባበቂያው 50 ሊትር ያዙ።

## ክፍል ሁለት፦ በዋዜማው

ደረጃ 7፦ መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቁ። ደባርቅ መናኸሪያ ሂዱ። በዚያው ቀን ከጎንደር የገቡ ሾፌሮችን አነጋግሩ። ጎንደር ላይም ሰው ደውሉና ስለ ጎርጎራ መስመር አጠያይቁ። አንድ ሾፌር ከነገራችሁ በሁለተኛው አረጋግጡ። «ዛሬ አይኬድም» ካሉ ጉዞውን አስተላልፉት። ጣና የትም አይሄድም።

ደረጃ 8፦ ጎርጎራ ደውሉ። ምሳ የምትበሉበትን ቤት ክፍት መሆኑን ጠይቁ። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው ሪዞርት ለመግባት ካሰባችሁ ስለ መግቢያውም ጠይቁ። ስንት ሰው እንደሆናችሁ ንገሯቸው። ምሳው ለ6፡00 ይድረስ በሏቸው።

ደረጃ 9፦ ነዳጁን ሙሉ። ማታ ሳይሆን ከቀትር በፊት ሙሉ፤ ሰልፍ ሊኖር ይችላል። ቴሌብር ላይ በቂ ገንዘብ አስቀምጡ። ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል ጥሬ ብርም ለመንገድ ያዙ። በፕላስቲክ ጀሪካን ቤንዚን ይዛችሁ ከሰው ጋር አትጓዙ።

ደረጃ 10፦ ጎማዎቹን ለኩ። መኪናው ቢያንስ ለ3 ሰዓት ቆሞ ጎማው ሲቀዘቅዝ ለኩ። ልኩን በሾፌሩ በር ዳር ከተለጠፈው ወረቀት አንብቡ። የትርፍ ጎማውን ነፋስም አትርሱ። የጎደለ ካለ እዚያው ደባርቅ ጎሚስታ ቤት አስሞሉ። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ካገኛችሁ ዛሬውኑ ቀይሩት።

ደረጃ 11፦ ዘይቱንና ውሃውን እዩ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የሞተር ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ አውጥታችሁ እዩ። የፍሬን ዘይቱ በዕቃው ላይ በተሰመሩት ሁለት መስመሮች መካከል ይሁን። ከዚያ የራዲያተሩን ውሃ ሙሉ። የሞቀ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አትክፈቱ፤ የሚፈላው ውሃ ፊት ላይ ይፈናጠራል።

ደረጃ 12፦ ፍሬኑን ሜዳ ላይ ፈትሹ። ሰው የሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ፈልጉ። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዳችሁ ፍሬኑን ረገጥ አድርጉ። መኪናው ወደ ጎን ከሳበ ወይም ፔዳሉ ከታች ድረስ ከወረደ ወደ ጋራዥ ውሰዱት። ይህን ሳታልፉ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አትሂዱ።

ደረጃ 13፦ መኪናውን ሊማሊሞ ላይ ፈትኑት። ከ10፡00 በፊት በዛሬማ አቅጣጫ ከደባርቅ ውጡ። ከጫፉ ላይ ሁለት መታጠፊያ ብቻ ውረዱ። መንገዱ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆረጠ ነው፤ መታጠፊያዎቹ ጠባብና ድፍን ናቸው። በ2ኛ ማርሽ ውረዱ። ከእያንዳንዱ መታጠፊያ በፊት ክላክስ አሰሙ። ለሚወጣ ከባድ መኪና ቅድሚያ ስጡ፤ እሱ ዳገት ላይ ከቆመ መነሣት ይቸግረዋል።

ደረጃ 14፦ ዞራችሁ ውጡ። ሰፊ ቦታ ስታገኙ ብቻ ዙሩ። ስትወጡ ዓይናችሁ ከሙቀት መለኪያው አይራቅ። ቀስቱ ከመሐል ካለፈ መኪናው የነገውን ዳገት አይችልም። ሞተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት በባዶው 2 ደቂቃ ይሥራ። መካኒክ ዛሬ ማታ ይየው። ቀስቱ ከመሐል ካላለፈ ተዘጋጅታችኋል።

ደረጃ 15፦ ጫፉ ላይ ቁሙ። መኪናውን ከመታጠፊያ ርቃችሁ፣ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ሳቡ። ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ አድርጉ። ቆላውን ለ10 ደቂቃ እዩ። ልጆችን በእጅ ያዙ፤ ገደሉ አጥር የለውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደባርቅ ተመለሱ።

ከዛሬማና ከአዲ አርቃይ ወገን የምትመጡም ሊማሊሞን በዚሁ በዋዜማው ቀን ውጡና ደባርቅ እደሩ። የሊማሊሞን ዳገትና የጎርጎራን መንገድ በአንድ ቀን አትደርቡ።

ደረጃ 16፦ ዕቃውን ጫኑ። ክሪኩን፣ መፍቻውንና ታኮውን ከላይ አድርጉ። ጎማ ሲፈነዳ ሻንጣ ማራገፍ አይኖርባችሁም። ውሃና ስንቅ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ጋቢውን አትጫኑት፤ ጠዋት ትለብሱታላችሁ።

ደረጃ 17፦ መንገዳችሁን ለአንድ ሰው ንገሩ። ቤት ለሚቀር ሰው የሰዓት ሠሌዳውን ቅጂ ስጡ። ጎንደር ስትደርሱ፣ ጎርጎራ ስትደርሱና ስትነሡ እንደምትደውሉ ንገሩት። የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ቁጥር 907ን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ደረጃ 18፦ ስልኮቹን ቻርጅ አድርጉና ተኙ። ሾፌሩ ከ3፡00 በፊት አልጋ ላይ ይሁን። የዛሬ ማታ ጠላ ለነገ ማታ ይቆይ።

## ክፍል ሦስት፦ ጠዋት፣ ወደ ታች

ደረጃ 19፦ 11፡30 ላይ ከእንቅልፍ ተነሡ። ሾፌሩ መኪናውን አንድ ጊዜ ይዙረው። አራቱን ጎማዎች፣ መብራቶቹንና ከሥር የፈሰሰ ነገር ካለ ይይ። ረዳቱ የሰውን መታወቂያ ይቁጠር።

ደረጃ 20፦ መንገዱ ሲታይ ውጡ። በጨለማ አትነሡ። ከደባርቅ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ያለው መንገድ ደጋ ነው፤ ጠዋት ጉም ሊጋርደው ይችላል። ጉም ካጋጠማችሁ ዝቅተኛውን መብራት አብሩ። ረጅሙን መብራት አታብሩ፤ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይናችሁ ላይ ይጥለዋል።

ደረጃ 21፦ በዳባት ቀስ ብላችሁ እለፉ። ከተማው ሳይጀምር ፍጥነቱን ወደ 30 አውርዱ። ተማሪና ከብት በአንድነት የሚወጡበት ሰዓት ነው። አንዲት በግ ካቋረጠች ሌሎቹ ይከተሏታል፤ የመጨረሻዋ እስክታልፍ ቁሙ።

ደረጃ 22፦ ኮሶዬ ላይ ቁርስ ብሉ። 10 ደቂቃ ይበቃል። መኪናውን ከአስፋልቱ አውጡ። ቡናውን ከፔርሙዝ ቅዱ። ዳቦና እንቁላሉን አከፋፍሉ። ልጣጩን በከረጢቱ ያዙ። መኪና ላይ የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ ከፊት ወንበር ይቀመጥ፤ እሱ ከቆሎው ብቻ ይቅመስ።

ደረጃ 23፦ ቁልቁለቱን በማርሽ ውረዱ። ከኮሶዬ በኋላ መንገዱ ወደ ጎንደር ይወርዳል። ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ፎሌ አታድርጉ። ሞተር አታጥፉ። ፍሬኑን ረግጣችሁ አትቆዩ፤ ረገጥ አድርጉና ልቀቁ። የሚቃጠል ነገር ከሸተታችሁ ፍሬኑ ግሏል። ዳር ይዛችሁ ቁሙና ለ15 ደቂቃ አቀዝቅዙት። ውሃ አታፍስሱበት።

ደረጃ 24፦ ጎንደር ላይ ነዳጁን እዩ። መለኪያው ከግማሽ በታች ከሆነ እዚህ ሙሉ። ከዚህ በኋላ እስክትመለሱ ድረስ የነዳጅ ጉዳይ እንዳያሳስባችሁ። ቤት ለቀረው ሰው ደውሉ።

ደረጃ 25፦ ሰዓታችሁን እዩ። እስከ 3፡30 ከጎንደር መውጣት ከቻላችሁ ቀጥሉ። ከዚያ ካለፈ ጎርጎራን ተዉት። ፋሲል ግቢን ጎብኙ፣ ጎንደር ምሳ ብሉ፣ በ9፡00 ወደ ደባርቅ ተነሡ። ቀኑ አልባከነም።

ደረጃ 26፦ አዘዞ ላይ ወደ ቆላ ድባ ታጠፉ። የባሕር ዳሩን ዋና መንገድ ይዛችሁ እንዳትቀጥሉ። ከተጠራጠራችሁ «የጎርጎራ መንገድ ይኸ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በኋላ ያለው የደምቢያ ሜዳ ነው። መንገዱ ቀጥ ሲል እግር ይከብዳል፤ ፍጥነቱን ጠብቁ። ባጃጅ፣ ጋሪና ከብት ከጎን ይገባሉ።

ደረጃ 27፦ ቆላ ድባ ላይ ጋቢውን አውልቁ። ከደባርቅ 2,850 ሜትር ከፍታ ተነሥታችሁ ወደ ጣና 1,800 ሜትር ግድም እየወረዳችሁ ነው። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በ6 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ውሃ ጠጡ። ባርኔጣ አድርጉ። ጎማው ሲሞቅ ነፋሱ ይጠብቃል፤ «በዛ» ብላችሁ እንዳታስተነፍሱት። ማታ ደጋ ሲገባ ይጎድልባችኋል።

ደረጃ 28፦ ጯሂትን አልፋችሁ ጎርጎራ ግቡ። መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሙ። አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሩት። ጠባቂ ካለ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቤት ለቀረው ሰው ደውሉ።

## ክፍል አራት፦ ባሕሩ ዳር

ደረጃ 29፦ የስልክ ደወል ሙሉ። አንዱን ለ6፡30፣ ሌላውን ለ6፡50 ሙሉ። መጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው ሲደወል ሁሉም ሰው መኪናው ጋ ይሁን።

ደረጃ 30፦ የደብረ ሲና ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ቀድማችሁ ሳሙ። ከምሳ በፊት ሂዱ። ቅዳሴ ካለ ውጭ ሆናችሁ ጠብቁ። ነጠላ አጣፉ። ጫማ አውልቁ። የመግቢያውን ክፍያ ክፈሉና ደረሰኝ ተቀበሉ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች አሉ። በእጅ አትንኳቸው፤ የእጅ ወዝ ቀለሙን ይጎዳል። ፎቶ ለማንሣት ካህኑን አስፈቅዱ፤ ፍላሹንም አጥፉ።

ደረጃ 31፦ ጀልባ ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ያዙ። ከሰዓት በኋላ በጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉም ይጨምራል። ደርሶ መልሱን በአንድ ዋጋ ተነጋገሩ። ከ45 ደቂቃ እንዳይበልጥ ለባለ ጀልባው ንገሩት። ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ወደ ገዳም ለመሄድ ካሰባችሁ ሴት ይገባ እንደሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ጠይቁ፤ አንዳንዱ ገዳም ለወንድ ብቻ ነው። የደንገል ታንኳ ከመጣች ፎቶ አንሷት እንጂ አትቀመጡባት፤ ሚዛኗን የሚያውቀው ባለቤቷ ነው።

ደረጃ 32፦ ውሃው ውስጥ አትግቡ። በጣና ዳርቻ ብልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚኖረው ቀንድ አውጣ ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው፤ ሰው ውስጥ የሚገባውም በቆዳ በኩል ነው። እግር ማራስ ጭምር ተዉ። ልጆች ድንጋይ ይወርውሩ፣ ወፍ ይቁጠሩ። ጉማሬም በዳርቻው ይኖራል። የታየበት ቦታ የት እንደሆነ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። በጉማሬውና በውሃው መካከል በፍጹም አትቁሙ።

ደረጃ 33፦ እምቦጩን እዩት፣ አትንኩት። ሐምራዊ አበባው ያምራል። ግን ከአንድ ቁራጭ ይራባል። ነቅላችሁ አትውሰዱ። ከመነሣታችሁ በፊት ጫማችሁን አራግፉ። የምትጎትቱት ገመድ ወይም ዕቃ ካለ ቁራጭ እንዳይዝ እዩት።

ደረጃ 34፦ ምሳ ብሉ። 6፡00 ላይ ተቀመጡ። ቆሮሶ ወይም አምባዛ እዘዙ። አሳው በደንብ የበሰለ ይሁን፤ ጥሬ አሳ ለዛሬ አይሆንም፤ የረጅም መንገድ ሰው ናችሁ። የሚጾም ካለ ሽሮውን ቀድሞ ይዘዝ። ሾፌሩ ቢራ አይጠጣም። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የምትጠጡትም ያመጣችሁትን ወይም የታሸገውን ውሃ ይሁን።

ደረጃ 35፦ በ6፡50 ሰው ቁጠሩ። ዕቃ፣ ከረጢት፣ ልጆች፣ መታወቂያ። ሂሳቡን ክፈሉ። የቆሻሻውን ከረጢት አስሩና መኪናው ላይ ጫኑ።

## ክፍል አምስት፦ መመለስ

ደረጃ 36፦ በ7፡00 ተነሡ። «ትንሽ ብንቆይስ?» የሚል ሰው ይኖራል። የሰዓት ሠሌዳውን አሳዩት። ቤት ለቀረው ሰው «ተነሣን» ብላችሁ ደውሉ።

ደረጃ 37፦ ሾፌሩን ቀይሩ። ሁለተኛ ሾፌር ካለ ከጎርጎራ እስከ ጎንደር እሱ ይንዳ። ከምሳ በኋላ ሜዳ ላይ እንቅልፍ ይመጣል። ሾፌሩ አንድ ብቻ ከሆነ ከጎኑ የሚያጫውተው ሰው ይቀመጥ። ካዛጋ ቆማችሁ ፊቱን ይታጠብ።

ደረጃ 38፦ ጎንደር ላይ መኪናውን እዩ። ውሃውን፣ ዘይቱንና ጎማውን በዓይን ፈትሹ። የራዲያተሩን ውሃ በመጠባበቂያ ዕቃው ላይ ካለው መስመር ከውጭ አንብቡ፤ ክዳኑን አትክፈቱ። 10 ደቂቃ በቂ ነው። ስለ ደባርቅ መንገድ ከመናኸሪያ ድጋሚ ጠይቁ። መልካም ካልሆነ ጎንደር እደሩ።

ደረጃ 39፦ በ9፡00 ከጎንደር ውጡ። ከ9፡45 በኋላ ከጎንደር አትውጡ። ያ ሰዓት ካለፈ ቀሪው መንገድ ጨለማ ላይ ይጥላችኋል። አልጋ ያዙ፣ ጠዋት ግቡ።

ደረጃ 40፦ ዳገቱን አትቸኩሉ። ከወለቃ በላይ መንገዱ ይወጣል። ሞተሩ ሳያቃስት ማርሹን ዝቅ አድርጉ። ቀስቱ ወደ ቀዩ ከተጠጋ ማቀዝቀዣውን አጥፉ። ካልወረደ ዳር ያዙ፣ ታኮ አድርጉ፣ በባዶው አሠሩት። አሁንም ካልወረደ ሞተሩን አጥፉና ክዳኑን ለመክፈት 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ወፍራም ጨርቅ ደርባችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ሞተሩን አስነሥታችሁ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ።

ደረጃ 41፦ ጎማ ቢተነፍስ በዚህ ቅደም ተከተል ቀይሩ። መሪውን አጥብቃችሁ ያዙ። ፍሬን በድንገት አትርገጡ። ሜዳ ቦታ ላይ ቁሙ። ሰዉ ሁሉ ይውረድና ከአስፋልቱ ይራቅ። ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ 50 ሜትር ያህል ርቃችሁ ትከሉ። ታኮ አድርጉ። ቡለኖቹን መኪናው መሬት ላይ ሳለ አላሉ። ከዚያ በክሪኩ አንሡ። ትርፉን ጎማ ግጠሙ። መኪናውን አውርዱና ቡለኖቹን በመስቀለኛ አጥብቁ። 45 ደቂቃ መጠባበቂያ የያዛችሁት ለዚህ ነበር።

ደረጃ 42፦ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጋቢውን ደርቡ። 3,000 ሜትር ወደሚጠጋው ከፍታ ተመልሳችኋል። ልጆችን ቀድማችሁ አልብሱ። ከብት ከግጦሽ የሚገባበት ሰዓት ደርሷል። በዳባት በኩል እንደ ጠዋቱ በ30 እለፉ።

ደረጃ 43፦ ደባርቅ ግቡና ደውሉ። «ገባን» በሉ። ቤት የቀረው ሰው ይህን ጥሪ ሲጠብቅ ነው የዋለው።

ደረጃ 44፦ ሰዓቱን ጻፉ። ማስታወሻ ደብተሩን አውጡ። ከሠሌዳው ጎን በእውነት የደረሳችሁበትን ሰዓት ጻፉ። የት 10 ደቂቃ ተረፈ? የት 20 ደቂቃ ጎደለ? ነዳጁ ስንት ሊትር ሄደ? ደብተሩን ከሊብሬው ጋር አስቀምጡት። በሚቀጥለው ጉዞ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ በራሳችሁ ቁጥር ትቆጥራላችሁ፤ ጣና ዳርም ስንት ደቂቃ እንደሚተርፋችሁ ከደባርቅ ሳትነሡ ታውቃላችሁ።